60 (ስልሳ)

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የተገለጸው
ዕድሜ፦ 43 (አርባ ሦስት)
ሥራ፦ በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ
አድራሻ፦ ከማዕከሉ ጀርባ ያለው ሕንፃ፣ 2ኛ (ሁለተኛ) ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 (ሦስት) ሰዓት

እኔ አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ በማታውቀው ነገር ስለታሰረች ነው። ከመዝገብ ቤት ተዛውራ የመጣች ትልቅ ሴት ናት። ማንኛውንም ቁጥር በአኃዝም በፊደልም ካልጻፈች እንቅልፍ ስለማይወስዳት "እትዬ ፊደል" እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላትም እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 (አራት) ሰዓት ላይ ጥሪ በዝቶ ነበር። በኢንተርኔት የሚመጣውን የአምቡላንስ ጥያቄ የሚቀበለው ማጣሪያ፣ በደቂቃ የሚያሳልፈው የጥያቄ ብዛት ከ30 (ሠላሳ) ወደ 60 (ስልሳ) ከፍ እንዲል አለቃችን አዘዘ። እትዬ ፊደልም ማስተካከያው ገጽ ላይ እንደ ልማዷ አኃዙን ጽፋ፣ አጠገቡ ደግሞ በቅንፍ "ስልሳ" ብላ ሞላች። ማጣሪያው የሚያውቀው አኃዝ ብቻ ስለሆነ ቅንፉና ፊደሉ ግራ አጋባው። "ይህ ቁጥር አይደለም" ብሎ መጮህና መቆም ነበረበት። አልጮኸም፤ እንደ ዜሮ ቆጥሮት ሥራውን ቀጠለ። ዜሮ ማለት ማንንም አታሳልፍ ማለት ነው።

እንዳይጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከ3 (ሦስት) ዓመት በፊት በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ሲስተሙ ቆሞ፣ አለቃዬ በሰው ፊት ልክ ልኬን ነገረኝ። እልህ ያዘኝና፣ ያልገባህ ነገር ሲመጣ ዜሮ ብለህ ያዝ፣ ዝም ብለህ እለፍ የሚል አንድ መስመር ማጣሪያው ፕሮግራም ውስጥ ጻፍኩ። እትዬ ፊደል ይህን ከየት ታውቃለች? እሷ ያየችው "ተመዝግቧል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ነው።

ነገሩ የታወቀው ከ35 (ሠላሳ አምስት) ደቂቃ በኋላ ነው። ሌሎቹ ጠያቂዎች ስልክ ደውለው አምቡላንስ አግኝተዋል። አንድ አናጺ ግን የዓመታት የመጋዝ ጩኸት ጆሮውን ስለደፈነው ስልክ መስማት አይችልም። ሚስቱ ደረቷን ይዛ ወድቃበት 14 (አስራ አራት) ጊዜ ጠየቀ፤ ሁሉንም ጊዜ "ጥያቄዎ አልተፈቀደም" ተባለ። መልእክቶቹን አውጥቼ አንብቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው "ቶሎ ድረሱልኝ" ይላል። የመጨረሻው "አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ፣ አሁን ተዉት" ይላል።

ረቡዕ ዕለት ስልኩን ይዞ ቢሯችን መጣ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ ነው የሚናገረው። "ምን አጥፍቼ ነው ያልተፈቀደልኝ?" አለ። የመለሰለት ሰው የለም። እኔም አቀርቅሬ ነበር፣ አፈር በበላሁ! ሐሙስ እትዬ ፊደል ስትወሰድ አለቃዬ ኮሪደር ላይ ይዞኝ "የሞላችው እሷ ናት፤ አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ ዝም አይነቅዝም" አለኝ። የእኔ ግን ነቀዘ። የሰውዬው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ስታጠብ ባለቤቴ በሩን አንኳኩታ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለችኝ። እየመለስኩለት ነበር።

መርማሪው ይህ ቃል በራሴ ላይ ሊመጣ እንደሚችል አስጠንቅቀውኛል፤ ይምጣ ብያለሁ። ቃሌ ሲነበብልኝ እሳቸውም ቁጥሩን ሁሉ በአኃዝና በፊደል እንደጻፉት አየሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "ስህተት እንዳይገባ ነዋ" አሉኝ። እሷም ለዚሁ ብላ ነው። ትፈታ።

ከላይ የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ዝም ብዬ ያለፍኩት የለም። በ2 (ሁለት) ገጽ ተጽፎ ተነቦልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________