በአውራ ጣቴ የካድሁት የእጅ ጽሑፍ

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪው ስም፦ አቶ ወልደኪዳን ቸኮል
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ የፕሪመስ ምድጃና የቁልፍ ጠጋኝ፤ ቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት
የትምህርት ደረጃ፦ በቀድሞው ቃል «ማንበብና መጻፍ የማይችል» ተብሏል፤ ቃል ሰጪው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ገብረክርስቶስ ሞላ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ጥቅምት 19 ቀን 1972 ዓ.ም. በዚሁ ጠረጴዛ ፊት የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ነው። የመናኸሪያው ተሸካሚ ጠና ሎምቤቦ የእኔ በሆነ ነገር ታስሮ ይገኛል። የፊታችን ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እንደሚወሰድም ሰምቻለሁ። ሃምሳ አለቃው «ጋሼ ወልደኪዳን፣ እርስዎ ቃልዎን አንዴ ሰጥተዋል፤ ሽማግሌ ነዎት፤ ቤትዎ ይግቡ» ብለውኛል። ካልተጻፈልኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም ብያለሁ፤ በዚህም ምክንያት መጻፍ ተጀምሯል።

በጠና እጅ የተያዘው ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር የእኔ ነው። ርዕሱ «በሕንድ አገር የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር የቆመበት ታሪክ» ይላል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጠና ከአንድ ፊደል በላይ አልጨመረበትም፤ እሱም በልባሱ ላይ የስሙን መጀመሪያ ጽፎ ስለ ተቆጣሁት ነው የተወው።

ይህ ታሪክ እኔ ዘንድ እንዴት እንደ ደረሰ ተጠይቄ የሚከተለውን እመልሳለሁ። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ፊደል የለየሁት በፉርጎ ጎንና በጆንያ ላይ የተጻፈውን አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. ወደ ሆሳዕና መጣሁ። ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ከ1962 እስከ 1967 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ሲያስተምሩ ጎረቤቴ ነበሩ። ምድጃቸውን ላበጅላቸው ሄጄ ባቡር ላይ እንደ ሠራሁ ሲሰሙ፣ አባታቸው በደቡብ ሕንድ የባቡር ከሰል አንዳጅ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እየመጡ በተሰባበረ አማርኛ፣ አማርኛው ሲያልቅባቸው በከሰል መሬት ላይ እየሣሉ ታሪኩን አወሩልኝ፤ እኔ ጻፍሁ። ያልገባኝን ሦስት ጊዜም ቢሆን አስደግም ነበር። አንድ ቀን «አቶ ወልደኪዳን፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚከብዱኝ እርስዎ ነዎት» ብለውኛል።

በደብተሩ ውስጥ ያለው ይህ ነው። በእንግሊዝ ዘመን የሕንድ ባቡር ሠራተኞች በቀን አሥራ አራትና አሥራ ስድስት ሰዓት ይሠሩ ነበር። ማኅበር እናቁም ሲሉ በአንድ መዝገብ ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ። የሚስተር ኩሪያን አባት በሚሠሩበት ጣቢያ አሥራ ሰባት ሰዎች ፈረሙ። መዝገቡ ከአለቆች እጅ ገባና ሰዎቹ አንድ በአንድ ተጠርተው «ይህ ፊርማ ያንተ ነው?» ተባሉ። አሥራ ስድስቱ አይደለም አሉ። አንድ ቀጥቃጭ ብቻ የእኔ ነው አለ። ቀጥቃጩ ከሥራ ተባረረ፤ ሚስቱና ልጆቹ ከኩባንያው ቤት በዝናብ ወጡ። የሚስተር ኩሪያን አባት ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አለቃው ሄደው ያ ፊርማ የእኔ ነበር ቢሉ፣ የአለቃው ጸሐፊ ስቆ «ወረቀቱም ተቃጥሏል፣ ቀጥቃጩም ሞቷል፤ አሁን ለማን ብለህ ነው?» አላቸው። ማኅበሩ ግን ቆመ፣ አደመ፣ ተመታ፣ እንደገና ቆመ። በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሃያ ቀን ያህል ባቡር አቁመው ብዙ ሺህ ሰው እንደ ታሰረ ሚስተር ኩሪያን ከወንድማቸው ደብዳቤ አንብበውልኛል።

የአባታቸውን ነገር በነገሩኝ ቀን እኔ «አባትዎ ፈሪ ነበሩ» አልኋቸው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ፤ ሁለት እሑድም አልመጡም። እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም። ይልቁንም በደብተሩ ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ፊርማውን የካደ ሰው ከሰው ቁጥር አይገባም» የሚል ከራሴ ጨመርሁ። ይህን ሚስተር ኩሪያን አላሉም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሊሰናበቱኝ መጥተዋል፤ በዚያን ጊዜም አላነሣሁትም።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የመናኸሪያውን ተሸካሚዎች እሑድ እሑድ በሱቄ ፊደል አስተምሬአለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከሁሉ የቀደመው ጠና ነው። ቦኖሻ ከሚባለው አገር የመጣ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው እዚሁ መናኸሪያ ውስጥ ከሾፌሮች ስድብ ነው እያለ ይቀልዳል። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርም ሰው በጋለ ብረት ምልክት እንደ ተተኮሰ ከብት ነው፣ ባለቤቱ ሌላ ነው እል ነበር። ዳኘ የሚባለው ተሸካሚ በተሸካሚዎች ማኅበር ወረቀት ላይ በጣቱ ፈርሞ በመጣ ጊዜ ለሁለት እሑድ ከሱቄ አባርሬዋለሁ። ማንበብ የቻሉ ሲመስለኝ ደብተሩን አውጥቼ ለጠና ሰጠሁት። እሱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ሲሳሳት እኔ እቆጣለሁ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ዳኘ አንድ ኩንታል ስንዴ ተሸክሞ በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወዳለው ፖርቶ መጋላ ሲወጣ ከመሰላሉ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። እስከ ዛሬ አልቆመም። የተሸካሚዎች ማኅበር ደንብ አንድ ሰው ከሃምሳ ኪሎ በላይ እንዳይሸከም፣ በአንድ መሰላል ላይም ሁለት ሰው እንዳይወጣ ይላል። ደንቡ በግድግዳ ተለጥፏል፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ጠና አነበበው። የሕንድ ባቡር ነጂዎች ሥራ ሳያቆሙ ደንቡን ብቻ እየተከተሉ ባቡሩን እንዳዘገዩ በደብተሩ ተጽፎ ነበርና፣ እኛም በደንቡ እንሥራ አላቸው። ይህን ሐሳብ ከደብተሬ እንዳገኘው አረጋግጣለሁ። ደግሞ ሲጠይቀኝ «ደንብ መከተል ወንጀል የሆነበት አገር የለም» ያልሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጥቅምት 16 ቀን በገበያ ቀን ተሸካሚዎቹ ጭነቱን ሁሉ በሚዛን መመዘን ጀመሩ። ከሃምሳ ኪሎ ያለፈውን ሁለት ሆነው አነሡ። አንዱ ከመሰላል ሳይወርድ ሌላው አልወጣም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አሳምነው መጥተው «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲሉ፣ ጠና «በደንቡ እየሠራን ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ከግርጌው የፈረሙት እርስዎ ነዎት» ሲላቸው ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ወርቅዬ የተባሉ ነጋዴ «ልጆች፣ በርበሬዬ እስኪመዘን እኔው ራሴ ደርቄ ዛላ ሆንሁላችሁ እኮ!» ብለው ሰው ሁሉ ስቋል። እኔም ስቄአለሁ። በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ የተነሣው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ጦር ግንባር ላሉ ዘማቾች የተዘጋጀ በሶና ዳቦ ቆሎ በዚያው አውቶቡስ ላይ እንደ ነበረ እኔም ጠናም አናውቅም ነበር። በማግሥቱ ጠና በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥሮ ከነደብተሩ ተያዘ።

ማክሰኞ ጥቅምት 19 ቀን ሱቄ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ለምስክርነት ተጠራሁ። ሃምሳ አለቃ ገብረክርስቶስ ደብተሩን ገልጠው «ይህን ጽሑፍ ያውቁታል?» አሉኝ። የተገለጠው ገጽ አሥራ አንድ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ምን እላለሁ እንደ ነበር አላውቅም። በሩ ክፍት ነበር። ጠና በግቢው ውስጥ ያለ ጫማ ተቀምጦ ወደ እኔ አየና ወዲያው ፊቱን አዞረ፤ የማንተዋወቅ ሊያስመስል እንደ ሆነ ገባኝ። እኔም «እኔ የኔታ ቤት አልሄድሁም፤ ምን ፊደል አውቄ?» አልሁ። የኔታ ቤት አለመሄዴ እውነት ነው፤ በዚያች እውነት ሐሰቱን ሸፈንሁት። «እንግዲያው በጣትዎ ይፈርሙ» ብለው የቀለም ሳጥኑን ገፉልኝ። አውራ ጣቴን ነክሬ አተምሁ። የደበደበኝም፣ ያስፈራራኝም ሰው የለም። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ተጠይቀው ስሜን አልጠሩም። ጠናም ደብተሩን አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት ማለቱን ከዚያ በኋላ ሰማሁ።

ተሸካሚዎች ማለዳ በመጡበት ቅደም ተከተል ገመዳቸውን በመናኸሪያው በር መሬት ላይ ይደረድራሉ፤ ተራው የሚታወቀው በገመዱ ነው፤ የሰው ገመድ ማንም አይነካም። ጠና ከታሰረ ወዲህ ገመዱን በየማለዳው ከመጀመሪያው ቦታ ያስቀምጡለታል፤ ተራው ሲደርስ ዘልለውት ያልፋሉ። ሱቄን ስከፍት በየቀኑ አየዋለሁ።

በፖሊስ ወረቀት ማንበብ የማልችል ሆኜ ስለ ተጻፍሁ፣ ከኅዳር 2 ቀን ጀምሮ ለመሠረተ ትምህርት ተመዝግቤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በአሥር ሰዓት ክፍል ገባሁ። አልማርም ብል ውሸቴ ይገለጣል ብዬ ፈራሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጎረቤት ሁሉ መጻፍ እንደምችል ያውቃል፤ ግማሹ ማመልከቻ ያጻፈኝ ሰው ነው። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። አስተማሪዋ ብርቅዬ የምትባል ከዱራሜ የመጣች ዘማች ተማሪ ስለሆነች አታውቀኝም። ዓርብ ኅዳር 6 ቀን ወደ ሰሌዳው ጠርታኝ «ሀ»ን ጻፉ አለችኝ። ሆን ብዬ አጣምሜ ጻፍሁ። «ጎበዝ አባባ! አያችሁ፣ ዕድሜ አያግድም!» ብላ አስጨበጨበችልኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። የጠና ባለቤት ጣቢታ ከወንበሬ ኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ ብቻ አላጨበጨበችም።

ረቡዕ ታኅሣሥ 16 ቀን ከክፍል ስንወጣ ጣቢታ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት ነው» አለችኝ። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። «ስንቅ ባደረስሁለት ቁጥር እርስዎ እንዳልተያዙ ይጠይቀኛል። ፊደል እየቆጠሩ ነው ብዬ ስነግረው ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። 'ንገሪያቸው፣ አርፈው ይማሩ፣ እንዳይመጡ' ብሎኛል» አለችኝ። ከዚያም «እኔ ግን ይህን መልእክት ማድረስ አልፈለግሁም ነበር» ብላ ሄደች። ሐሙስና ዓርብ ቤቴ ተቀመጥሁ። ሁለት ቀን መቆየቴም ይጻፍ።

ደብተሩ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም፤ መንግሥት ራሱ ወዛደር ይደራጅ ይላል። ይህን በተመለከተ የምጠየቀውን እኔ እመልሳለሁ። ጠና የተያዘው የሰው ደብተር ይዞና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ አንብቦ ነው። ጻፊው እኔ፣ አንብብ ያልሁት እኔ፣ ደንብ ተከተሉ ያልሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ በእሱ ቦታ እኔ እንድያዝ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነቦልኛል። ሃምሳ አለቃው ስለ ጥቅምት 19ኙ ቃል «በዕድሜ መግፋት ምክንያት ባለማስተዋል» ብለው የጻፉት ተሰርዞ «በፍርሃት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ተሰርዟል። መማሪያ ደብተሬና እርሳሴ ለወይዘሮ ጣቢታ እንዲሰጥልኝ፣ ስሜም ከመሠረተ ትምህርት መዝገብ እንዲወጣ አመልክቻለሁ። የቀድሞው ፋይል መጻፍ አይችልም ስለሚል ሃምሳ አለቃው የቀለም ሳጥኑን ደግመው አቅርበውልኛል፤ አልቀበልም ብያለሁ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ። ከዚህ በታች ያለው በራሴ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ከተያዘው ደብተር ገጽ አሥራ አንድ ጋር ይመሳከርልኝ።

ፊርማውን የካደ ሰው ከሰው ቁጥር አይገባም። ይህን ያኔም ዛሬም የጻፍሁት እኔ ነኝ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ወልደኪዳን ቸኮል
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ገብረክርስቶስ ሞላ
የአውራ ጣት አሻራ፦ አልተወሰደም። ቃል ሰጪው ይጽፋሉ።