የብርቅዬ መታሰር

ድርቁ ካለፈ በኋላ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከላሊበላ ገበያ ስመለስ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው ብርቅዬን እጇን በጠፍር አስረው ከጠበል እየመለሷት ነበር። እህታቸው ጠፍሩን ይዘው ብርቅዬን እየመሩ ቀድመውን አለፉ። እኔ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነኝ፣ ብዙ ጉድ አይቻለሁ እላለሁ፤ የተላጠውን የእጇን አንጓ ሳይ ግን አላልፍም ብዬ ቆምኩ።

አብራኝ የነበረችው አስቻለች የሙጃ አገር ልጅ ናት። አዲስ አበባ በጭንቀትና በሐዘን የታመሙትን በምክር መርዳት ትማራለች፤ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያችን ተልካ፣ በየቤቱ እየዞረች ሥራዋን ታስተዋውቃለች። ይህን ለመሪጌታ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«አወቅሁሽ፣ ልጄ። ጠበሉን ተዉና ክኒን ዋጡ ልትይን ነው። ይህንንማ ከካድሬዎቹ ሰምተን ጠግበናል።»

«ኧረ በጭራሽ፣ አባቴ! ጠበሉን አያቋርጡ። የንስሐ አባቷም ይምጡ፣ ጎረቤትም ይምጣ። የኔ ሥራ አብሮ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የምለምንዎ እጇን እንዲፈቱላት ብቻ ነው።»

ክው አልኩ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ብፈታትማ ትጠፋለች!» አሉ መሪጌታ። «ከጋሸና መኪና በመጣ ቁጥር ‹ሸጌ! ሸጌ!› እያለች ትሮጣለች። ከምሳዋም ታስቀምጥላታለች። የሌለን ሰው የሚጠራው ጋኔኑ እንጂ እሷ አይደለችም።»

«ሸጌ ማን ናት?» አለች አስቻለች።

«ልጇ ነበረች። በክፉው ቀን መጠለያ ገብተን፣ ብርቅዬ በተስቦ ራሷን ስታ ሳለች ልጅቷ ሞተችብን። ቀበርናት።»

«ነፍስ ይማር። ብርቅዬን ታዲያ ማን አረዳት?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፉ።

«አባቴ፣ መርዶውን ማን ነገራት?»

«ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? ልጅሽን ለሕክምና በመኪና ወስደዋታል አልናት። እስክትድን ብለን ስንጠብቅ ይኼ ጋኔን መጣ። በዚህ ላይ እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ኧረ የመድኃኔ ዓለም ያለህ! ልጅሽ በመኪና ሄዳለች ብለው፣ መኪና ጠበቀች ብለው አሰሯት!

አስቻለች ወደ መሪጌታ ጠጋ አለች። «እናት ልጇን መጠበቋ ምኑ ነው ጋኔን? መርዶንማ አገራችን ያውቅበታል፤ ማለዳ ሽማግሌ ይገባል፣ ዘመድ ዙሪያዋን ከቦ ይደግፋታል። እኔ ከከተማ ያመጣሁት ሌላ ወግ የለም። የራሳችንን ወግ አሟሉላት ነው የምለው። ከዚያ ወዲያ ሐዘኗን እየመጣሁ እሰማታለሁ፤ መድኃኒት ካስፈለጋትም ከጠበሉ ጋር አይጣላም።»

«ሐዘኑ ቢገድልብኝስ?»

«ብቻዋን ከሆነች ያስፈራል። ሁላችንም ይዘናት እንዴት ይገድላታል?»

መሪጌታም «እንግዲያስ ቅዳሜ ማለዳ ነይ» አሉ።

ቅዳሜ የንስሐ አባቷ፣ ሽማግሌዎችና ዘመዶቿ ተሰብስበው ገቡ። መሪጌታ መጀመሪያ ጠፍሩን ፈቱ፤ ከዚያ አረዷት። ጩኸቷ አጥንት ይሰብር ነበር። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት፤ መሪጌታም ለልጅ ልጃቸው ያን ዕለት ገና አለቀሱ።

ዛሬ ብርቅዬ በእግሯ ጠበል ትወርዳለች፣ ትፈትላለች፣ ገበያ ትወጣለች። ከአስቻለች ጋር ስለ ሸጌ ስታወራ አንዳንዴ ትስቃለች። ሌሎች ቤተሰቦችም በሽተኞቻቸውን ፈትተው አስቻለችን ያስጠራሉ። ወገኖቼ፣ አደራ፤ ሰው ከማሰራችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁት፣ አዝናችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለም በወጉ ንገሩት።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያኔ ልቅሶው በረድ ሲል ብርቅዬ አባቷን የጠየቀችው ነው።

«አባዬ፣» አለች፣ «እንግዲያስ አላበድኩም ነበር?»