ሰኞ ስነቃ ከአጠገቤ ማን ይኖራል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሆስፒታላችን ሠራተኞች፣ ከዩኒቨርሲቲው ድረስ የመጣችሁ የጥናት ባልደረቦቼ፣ ባለቤቴ ማርያማዊትም ጭምር፤ እንደምን ዋላችሁ?

ከሥራ ሰዓታችሁ ላይ ሰርቃችሁ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ወጥ ለሠራችሁ፣ ይህን የመሰለ ጋቢ ለደረባችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋቢው ሞቆኛል። ትንሽም አስደንግጦኛል፤ ጡረታ መውጣቴን እስከ ዛሬ ጠዋት በደንብ አላመንሁም ነበር።

እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በሙሉ ማደንዘዣ ስሰጥ ነው የኖርሁት። በንግግሬ መሐል የሚያንቀላፋ ቢኖር አልቀየምም፤ ሙያዬ ነው። ዶክተር ሙላት፣ አንተን ማለቴ ነው፤ ቀና በል።

ግን ቀልዱ ዛሬ ብዙም አይሆንልኝም። ፈርቻለሁ። ሰኞ ጠዋት እዚሁ ሆስፒታል፣ እዚያው ስሠራበት በኖርሁት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ። የሐሞት ጠጠር ነው። ዶክተር ሔዋን ታወጣልኛለች። ቢላዋውን አልፈራም፤ እጇን አውቀዋለሁ። እኔ የምፈራው መንቃቱን ነው።

“ለምን አዲስ አበባ አትሄድም?” ያላችሁኝ አላችሁ። እዚያ ማን ያውቀኛል? ስነቃስ ማን ብለው ይጠሩኛል? “አባባ፣ አልጋ ቁጥር ስንት” ሊሉኝ ነው እኮ!

እንግዶች ስላላችሁ ላስረዳ። አንድ አዛውንት ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ሥራው አምሯል፣ ቁስሉ ደህና ነው። በማግስቱ ግን ሰውየው የሉም። ልጃቸውን “አንተ ማነህ?” ይላሉ። ጉሉኮሱን ይነቅላሉ፤ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያያሉ። ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል፤ እኛ ቃዠ፣ ናላው ዞረ እንላለን። ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ሳይመለሱ የሚቀሩም አሉ። ጥናታችን “ሳይመጣ በፊት ልንከላከለው እንችላለን ወይ?” የሚል ነበር።

ምን አደረግን መሰላችሁ? ትስቁብናላችሁ። መነጽራቸውን ቶሎ መለስንላቸው። ውኃ እንደተፈቀደ አጠጣን፣ ከአልጋ ቶሎ አስነሣን፣ ሌሊት ጫጫታ ቀነስን፣ የማያስፈልገውን የማስተኛ መርፌ ተውን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያውቁት ሰው ከአጠገባቸው ሆኖ፣ በስማቸው እየጠራ፣ የት እንዳሉ እንዲነግራቸው አደረግን። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ሰው፣ እዚህ ስላለ ስሙን አልጠራም፣ “ጋሽ አንሙት፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ሳይሆን ማስታመም ነው” አለኝ። “ታዲያ ማስታመም ሰው ካዳነ አንተን ምን ቸገረህ?” አልሁት።

የኔታ አካለ ወልድን የምታስታውሱ አላችሁ? ከዲማ አንጀታቸው ተጠማዝዞ የመጡትን የቅኔ መምህር? ጥናቱን ገና የጀመርን ሰሞን ነው። ቀዶ ጥገና ከመግባታቸው በፊት እንደ ወጉ ጥምጥማቸውን አወረድን፣ መነጽራቸውን አወለቅን፣ ሁለቱንም ፌስታል ውስጥ ከተን ከአልጋቸው ሥር አስቀመጥን። በማግስቱ ዳዊት ሲደግሙ አገኘናቸው። አቤት ድምፅ! ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። የሌሎቹ በሽተኞች አስታማሚዎች ተነሥተው ቆሙ። ሲስተር ወለተ ሚካኤል፣ የክፍሉ ኃላፊ አንቺ ራስሽ፣ መድኃኒቱን በእጅሽ እንደያዝሽ ቀረሽ።

በየጊዜው ጠጋ ብለን “የኔታ፣ የት ነው ያሉት?” ብለን መጠየቅ ነበረብን። ደንባችን ነው። ግን ዳዊት የሚደግም አባት ማን ያቋርጣል? በእኛ አገር? ኧረ ወዲያ! በእግራችን ጫፍ እየረገጥን አለፍን።

ከሰዓት በኋላም አላቆሙም። ውኃ አልቀመሱም። ልጃቸው ማሬ ኩባያ ይዛ ብትጠጋ “ውበቱ፣ ድገም!” ብለው ጮኹባት። እኛ ሳቅን። የኔታ ይቀልዳሉ አልን። ማሬ ግን ፊቷ ጠቆረ። “ውበቱ ተማሪያቸው ነበር፤ ከሞተ ቆየ እኮ” አለችን። ያን ጊዜ ደነገጥን። የኔታ ለካ እየጸለዩ አልነበረም። የሌሉ ተማሪዎች ሰብስበው ሲያስተምሩ ነው የዋሉት።

ወዲያው የወንድማቸው ልጅ ቄስ ኪዳነ ማርያም ደረሱ፤ ከኋላቸው ቃሬዛ የያዙ ሰዎች። “ሰይጣን ነው፤ ጠበል እንወስዳቸዋለን” አሉ። ዶክተር ሔዋን በሩ ላይ ቆመች። “ከዚህ ከወጡ ስፌቱ ይፈታል፤ ይሞታሉ።” “ካልወጡም አብደው ይቀራሉ” አሉ ቄሱ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ከአልጋው አስጠጉት። “አባ፣ ይፍቱኝ” አልሁና መሐል ገባሁ። “ጠበሉ ይምጣ። የኔታ ግን አይሂዱ።” ቄሱ ሰዎቹን በእጃቸው መለሱ። “እሺ፣ ይምጣ” አሉ።

ጠበሉ መጣ፤ ፊታቸውን ተረጩ። ማሬም ፌስታሉን ከአልጋው ሥር ጎትታ መነጽሩን አደረገችላቸው፣ ጥምጥሙን ጠመጠመችላቸው። ለካ ሰውየውን ራሳቸውን ነው ፌስታል ውስጥ ከተን ያስቀመጥናቸው። “አባ፣ ማሬ ነኝ። ሆስፒታል ነዎት። ሆድዎ ተሰፍቶ ድነዋል” ስትል ዋለች፤ በማግስቱም ስትል ዋለች። ቀስ እያሉ ተመለሱ። ሲመለሱ ስለ ቁስላቸው አልጠየቁኝም። እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጄ፣ ነውር ተናገርሁ ወይ?” አሉኝ። “ኧረ የለም፣ የኔታ” አልኋቸው። አለቀሱ። እኔም ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስስ? ከመርጡለ ማርያም የመጡት፣ ዳሌያቸው የተሰበረው? እሳቸው አልተመለሱም። ያን ዕለት ክፍሉ ጢም ብሎ ስለነበር ልጃቸውን ወደ ግቢ አስወጣናት። “ጥጃዋ ወተቱን ልትጠባው ነው፣ እሰሯት!” እያሉ ከአልጋ ወረዱ። ወደቁ። አሁን ቤታቸው ናቸው። ልጃቸው ታጎርሳቸዋለች። እሳቸው ግን “አንቺ ደግ ልጅ፣ የማን ነሽ?” ይሏታል አሉ።

እንግዲህ ጥናታችን ዛሬ ይዘጋል። ውጤቱን ታውቃላችሁ፤ የሚቃዠው ሰው ቀንሷል። ጠፍቷል አላልሁም፣ ቀንሷል ነው ያልሁት። ነገር ግን አስታማሚ ከአልጋ አጠገብ እንዲቀመጥ የተሰጠን ፈቃድም ከጥናቱ ጋር ያበቃል። ከሰኞ ጀምሮ ከመጠየቂያ ሰዓት ውጭ ሁሉም ይውጣ ተብሏል።

አቶ ዘመነ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ምክንያት አለዎት፤ አልክድም። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ቁስል ያመረቅዛል። አንድ በሽተኛ ተከትሎ የጉንደ ወይን ሰው በሙሉ ነቅሎ የመጣ የሚመስልበት ቀን አለ። እኔ ሁሉም ይግባ አላልሁም። አንድ ሰው። እጁን የታጠበ፣ ጋውን የለበሰ፣ ስማቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው።

ዛሬ ጠዋት አቶ ዘመነ ቢሮ ጠሩኝ። “ጋሽ አንሙት፣ አይስጉ። ለእርስዎ ልዩ ፈቃድ ሰጥቻለሁ። ወይዘሮ ማርያማዊት ከአጠገብዎ አይለዩም” አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ጆሮዬ እንደደከመ ታውቃላችሁ። ዕድሜዬም ስልሳን ደፈነ። በጥናታችን “ጆሮው የደከመ፣ ስልሳ የሞላው ሰው ይበልጥ ይጠበቅ” ብዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ። በሰው ላይ ስጽፈው እንዲህ አያስፈራም ነበር።

“ላስብበት” ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አባ ገብረ ሚካኤልን አገኘኋቸው። ሰኞ ከእኔ ቀጥሎ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። አግዳሚው ላይ ከባለቤታቸው ጋር ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ልብሴን ይዘው “ልጄ፣ እሱ ሲነቃ እኔን ያስገቡኛል አይደል?” አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? “የእኔ ሚስት ትገባለች፣ እርስዎ ግን ውጭ ይጠብቁ” ልበል? ጉንጫቸውን ሳምሁና ሸሸሁ።

አቶ ዘመነ፣ መልሴ ይኸው። ልዩ ፈቃዱን አልቀበልም። ለሁሉም ካልሆነ ማርያማዊትም ከሌሎቹ ጋር ትወጣለች።

ማርያማዊት፣ አየሁሽ። አትቆጪኝ። ይህን አሁን ነው የምትሰሚው፤ ቤት ስንገባ ያሻሽን ተናገሪኝ፣ መብትሽ ነው። ጀግና ሆኜ አይደለም። አንቺ ከሌለሽ ምን እንደምሆን አላውቅም። አቶ ዘመነ፣ ይሄንንም ይስሙ። “ሁሉም ይውጣ” የሚለው ማስታወቂያ ገና በሩ ላይ አልተለጠፈም። “እንነጋገርበታለን” እንዳይሉኝ እንጂ፣ ጊዜ አለ።

ካልሆነ ግን የማውቃችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ የምትቀሩልኝ። ሰው ሲቃዥ የኖረበትን ሥራ ነው የሚሠራው፤ እኔም ሰው ላስተኛ ነው የምነሣው። “በሽተኛ ጠረጴዛ ላይ ትቼ መጣሁ፣ ልቀቁኝ!” ብዬ ብጮህ እጄን አትሰሩኝ። መርፌም አትቸኩሉ። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ጠጋ በሉና “ጋሼ፣ በሽተኛህ ነቅቷል፤ ደህና ነው” በሉኝ። ደጋግማችሁ በሉኝ። አባ ገብረ ሚካኤልንም እንዲሁ አነጋግሩልኝ፤ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ባዕድ ቤት ነው የሚነቁት።

በሉ እንግዲህ፣ ልመርቅና ልቀመጥ። ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ። የነካችሁት ቁስል ይሻር። ወጣቶቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ። ዶክተር ሔዋን፣ እጅሽን ይባርከው። አቶ ዘመነ፣ ለእርስዎ ልብ፣ ለእኔ ደግሞ ድፍረት ይስጠን። ስታረጁ ከሚያውቃችሁ ሰው አይለያችሁ፤ በዚህ ቤት የሚገባ ሁሉ ራሱን ይዞ ይውጣ።

ሰኞ ጠዋት እንገናኛለን። ምናልባት ከጠፋሁ፣ ስሜ አንሙት ነው። አደራ፣ ጥሩኝ።