መብራት ሲጠፋ

የሦስት ቀን ጽንሶቼን ጋቢ ላለብስ ብዬ የላቦራቶሪ በር ደበደብኩ። አዳማ፣ የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከባለቤቴ ከተወሰዱት እንቁላሎች የደረሱት ሰባቱ ከእኔ ዘር ጋር ተዋህደው፣ ማሞቂያ ውስጥ አምስት ቀን እንዲያድጉ ተቀምጠዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት ጥበቃ በኋላ ያለን ተስፋ እነሱ ብቻ ናቸው። እንዴት እንዳደሩ ልንጠይቅ ሄደን ቁጭ እንዳልን መብራት ጠፋ። እኔ ደግሞ ያደግኩት ሞጆ፣ ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ እየሠራሁ ነው። እዚያ መብራት ሲጠፋ እንቁላሉን ቶሎ በብርድ ልብስ ካልሸፈንክ እሱ ይቀዘቅዛል፣ አንተ በዱላ ትሞቃለህ። ሳላስበው ከባለቤቴ ትከሻ ላይ፣ እናቷ ብርድ እንዳይነካት ብለው ያለበሷትን ጋቢ ገፍፌ ሮጥኩ።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ምን ሆኑ ጋሼ?» አለችኝ።

«ሳይቀዘቅዙ አልብሻቸው! ደግሞስ እንደ ዶሮ እንቁላል ማን ነው የሚያገላብጣቸው?»

«ማሞቂያው ባትሪ አለው። ጫጩት አይደሉም ጋሼ፣ አይገላበጡም።»

ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «እህቴ፣ በሩን ዝጊው። ከገባ ይታቀፋቸዋል» አለች።

በአምስተኛው ቀን ተደወለልን። ስድስቱ ማደጋቸውን አቁመው አንዷ ቀርታለች። አሁን ጥርስ እያወጣች ነው።