የአቶ ሃይላይ አብርሃ ሕይወትና ያልታተሙት ዛፎች

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፣ ጥላ የያዛችሁ ከጎናችሁ ለቆመው ብታጋሩ መልካም ነው፤ ይህ ጽሑፍ ቶሎ የሚያልቅ አይደለምና። አቶ ሃይላይ በሕይወት ሳሉ የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ የሞተበትን ዘመድ ታሪክ ጽፎ ለእርማት ወደ እሳቸው ያመጣ ነበር። እሳቸውም «ደግ፣ ቸር፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪፕቶ እየሰረዙ «ይህ ለማንም ይሆናል፤ የሰውየውን ጻፉ» ይሉ ነበር። እኛም ቤተሰቦቻቸው ቀይ እስክሪፕቷቸውን ፈርተን የሰውየውን ጽፈናል።

አቶ ሃይላይ አብርሃ ከአባታቸው ከአቶ አብርሃ ተስፋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ሓጎስ፣ በቀድሞው አጠራር በትግራይ ጠቅላይ ግዛት በአጋመ አውራጃ፣ ከአዲግራት ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከቆላ ጨው እያመጡ የሚነግዱ ሰው በመሆናቸው ከቤት የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ልጃቸው ያደጉት ከእናታቸው ጋር፣ ከደብሩ ጽድና ወይራ ሥር ሲጫወቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ካዛንቺስ ከቤታቸው አስቀመጧቸው፤ እስከ ዐሥረኛ ክፍልም ተማሩ። አጎታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው ነው።

በ1959 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ጣታቸውን ለሚያሯሩጡ ልጆች እንዲገባቸው ያህል፣ ፊደል ለቃሚ ማለት ከመቶ በላይ ከሆኑ ሳጥኖች የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ገጹን በግልባጩ የሚደረድር ሰው ማለት ነው። አቶ ሃይላይ የተገለበጠውን ገጽ እኛ የቀናውን ከምናነበው ፈጥነው ያነቡ ስለ ነበር ወደ አራሚነት፣ ከአራሚነትም ወደ አርታኢነት ከፍ አሉ። እንግሊዝኛንም የተማሩት የሚያርሙትን ጽሑፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያዩ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ከነበሩት ከወይዘሮ እጸገነት ገብረመስቀል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው አሉላና ደሊና የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

መንግሥት ተለውጦ ማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ከሞስኮ በመርከብ ይመጡ የነበሩት ርካሽ መጻሕፍትም ሲቀሩ፣ አቶ ሃይላይ በ1986 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ከፊት መጽሐፍ መሸጫ፣ ከኋላ ደግሞ ማሳተሚያ ቢሮ ከፈቱ። በዚያች ክፍል ውስጥ የሌሎችን መጻሕፍት እያሳተሙ፣ በጎን ገና ማተሚያ ቤት ሳሉ የጀመሩትን የራሳቸውን አንድ መጽሐፍ በዐሥራ አንድ ዓመት ጽፈው ጨረሱ። ርእሱ «የደጃችን ዛፎች» ይባላል፤ ለልጆች የተጻፈ ነው፤ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ኮሶው፣ ግራዋው እያንዳንዳቸው ታሪካቸውን የሚናገሩበት ነው። ሥዕሎቹን የሠሩት ወዳጃቸው የሥዕል መምህሩ አቶ ኦልጅራ ናቸው። ረቂቁን ያነበብን ሰዎች ጥቂቶች ነን፤ ያነበብን ግን በዛፍ አጠገብ እንደ ድሮው ማለፍ ያቅተናል።

አሁን ወደዚያች እሑድ እንመጣለን።

በ1990 ዓ.ም. የገና ጾም ከመግባቱ በፊት በዋለው እሑድ፣ የአንድ ታላቅ የባሕር ማዶ አሳታሚ መልእክተኛ አቶ ሃይላይ ቤት ምሳ ተጋበዙ። በዚያን ጊዜ ለትምህርት ቤቶች የሚገዙት ማንበቢያ መጻሕፍት በዓለም አቀፍ ጨረታ ይቀርቡ ነበር፤ ጨረታውም ተወዳዳሪው በብዙ አገር የሠራ እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ክፍል የሚሠራ አሳታሚ በር ላይ ቆሞ ከማየት በቀር መግቢያ አልነበረውም። በዚያ ላይ ባዶ ወረቀት ከውጭ ሲገባ ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ ያው ወረቀት እዚያው ታትሞ መጽሐፍ ሆኖ ሲመጣ ግን ያልፋል። ነገሩ እህሉን ቀርጦ እንጀራውን በነጻ እንደማሳለፍ ነው። እንግዳው ታዲያ መላ ይዘው መጡ፤ አቶ ሃይላይ የድርጅቱ ወኪል ይሆናሉ፣ ድርጅቱ ደግሞ «የደጃችን ዛፎች»ን በጥሩ ወረቀት በቀለም አትሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ለየትምህርት ቤቱ ያደርሳል። አቶ ሃይላይ መጽሐፋቸውን በልጆች እጅ ለማየት ከዚህ የተሻለ በር እንደማይከፈትላቸው ያውቁ ነበር።

ምሳ ተበላ፤ እንግዳው ጎረሱ፣ ማጉረስም ተምረው አቶ ሃይላይን አጎረሱ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ውል ከቦርሳቸው አወጡ። ወይዘሮ እጸገነት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወረቀት ጋር የኖሩ ሰው ናቸውና ባለቤታቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው «አንተ ሰውዬ፣ ሽንብራ ስትገዛ እንኳ አንድ ቆርጥመህ አይደል? አንብበው እንጂ!» አሏቸው። አቶ ሃይላይም «በእጁ ያጎረሰኝን ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ልመርምረው? ምን ይለኛል?» ብለው ተመለሱ፤ በየገጹም ሥር ፈረሙ። የሌላውን ሰው ገጽ ሦስት ጊዜ ሳያነቡ የማያሳልፉ አራሚ፣ የራሳቸውን ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ አንድ ጊዜም ሳያነቡ አሳለፉ። እንግዳውን ላለማስቀየም ነው። እንግዳው ምን ይሏቸው እንደ ነበር ዛሬ እናውቃለን፤ ምንም አይሏቸውም ነበር። በእነሱ አገር ነውሩ ሳያነቡ መፈረም ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳያነብ ይፈርማል ብለው ከየት ይጠርጥሩ?

በማግስቱ ጠዋት አቶ ሃይላይ ውሉን አነበቡ። መጽሐፉን በማናቸውም ቋንቋ፣ በማናቸውም አገር፣ በማናቸውም መልክ የማተም መብቱ የድርጅቱ ብቻ ሆኗል። ሁለት ዓመት የሚለው ቃል እንግዳው አፍ ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ለአማርኛ መጽሐፍ ገበያው ጠባብ ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። በ1993 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፤ ያ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ተዋጠ፤ የዋጠውም ሳይውል ሳያድር ሌላ የሚውጠው አገኘ። አቶ ሃይላይ በየዓመቱ ከዘመን መለወጫ በኋላ «እባካችሁ ወይ አትሙት፣ ወይ መልሱልኝ» ብለው ይጽፋሉ፤ መልሱ በየጊዜው አዲስ ዓርማ ባለበት ወረቀት፣ አዲስ ስም ከተፈረመበት ሰው ይመጣል፤ ሁሉም ጉዳዩን ገና እያጠና ነው። እንግዳው ራሳቸው ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል። አቶ ኦልጅራ ሱቁ በመጡ ቁጥር «ሃይላይ፣ ባሕር ዛፍ እንኳ በሁለት ዓመት ጥላ ይሰጣል፤ የእኔዎቹ ምን ነካቸው?» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ እየቀነሰ ሄደ። በ2001 ዓ.ም. አቶ ኦልጅራ አረፉ፤ አቶ ሃይላይም በቀብራቸው ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ቢጠየቁ ራሳቸውን ነቅንቀው እንቢ አሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ ሃይላይ ወኪል ናቸው። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የሚመጣውን ማንበቢያ ከጉምሩክ አውጥተው ለትምህርት ቤቶች ያደርሳሉ። ልጆቻችን በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ፣ ስማቸውን እንኳ መጥራት ስለሚያቅት ዛፎች የሚያነቡበትን መጽሐፍ በየክፍሉ ያስረከቡት እሳቸው ናቸው። አንዲት አስተማሪ «የእኛን አገር ዛፍ የሚያስተምር የለዎትም፣ ጋሼ?» ብትላቸው «ይመጣል» ብለው ነበር የመለሱላት። ሥራውን እንዳይተዉት ልጆቻቸው የተማሩት በእሱ ነው፤ ከዚያም በላይ ወኪልነቱን ቢተዉ ደብዳቤያቸውን የሚመልስ ሰው አይኖርም። ውኃ የሚቀዱበት ገመድ ራሱ የታሰሩበት ገመድ ሆነባቸው። የካዛንቺሱ ሱቅ ለግንባታ ሲፈርስ ወደ ኦሎምፒያ፣ ኦሎምፒያ ኪራዩ ሲያይል ባምቢስ ጀርባ ወዳለ ሕንፃ ምድር ቤት ተዛወሩ፤ መኖሪያቸውም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሆነ። የብር ዋጋ ሲወርድና የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ሲረዝም ኮንቴይነሩም እየራቀ ሄደ። የቱም ቦታ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያስገቡት ያንን ረቂቅ የያዘውን ቆርቆሮ ሣጥን ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ታዲዎስ የሚባል ወጣት አሳታሚ መጥቶ «ጋሼ ሃይላይ፣ ማለቴ፣ እኔ ላትመው። ፈረንጁ ባምቢስ ድረስ መጥቶ አይፈትሽ! ርእሱን ትንሽ እንቀይረዋለን፣ በቃ» አላቸው። ከደጃቸው ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ የሰው መጽሐፍ በፎቶኮፒ እየተባዛ በግልጽ በሚሸጥበት ዘመን ነው ይህ የሚሆነው። አቶ ሃይላይ ግን «ፈረንጁ ባይፈትሽ ፊርማዬ ይፈትሸኛል» ብለው ሸኙት። ብዙ ሰው ሳቀባቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ቤተሰቦቻቸው ሳቅን፣ ከዚያም ተናደድን።

በ2007 ዓ.ም. የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። አዲሱ ባለቤት መዛግብቱን ሁሉ ፈትሾ «የደጃችን ዛፎች» የሚባል መጽሐፍ በስሙ እንደሌለ፣ የሌለውን ነገርም መልቀቅ እንደማይችል ገለጸ። ደሊና ደብዳቤውን አንብባ እልል አለች፤ «አባዬ፣ የለንም አሉ እኮ! በቃ ያንተ ነው!» አለቻቸው። እሳቸው ግን የሕግ ሰው ጠየቁ፤ የሕግ ሰውም መዝገብ ስለጠፋ ውል አይፈርስም፣ በግልጽ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ያስፈልጋል አላቸው። በዚህ ዓለም ላይ የዚያ ውል አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም አቶ ሃይላይ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወይዘሮ እጸገነት «ስጠኝ፣ እኔ ልቅደደው፤ ኃጢአቱም የእኔ ይሁን» ቢሏቸው «እነሱ ጋ ቢጠፋ እኔ ጋ አልጠፋም» አሉ። እንግዲህ ይህን ምን እንደምንለው እናንተ ፍረዱ። በሩ ተከፍቶ፣ ዘበኛው ሄዶ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ የተቀመጠ እስረኛ ብናይ ሞኝ እንለው ነበር። ይህን ሰው ግን ሞኝ ማለት አፋችን አይታዘዝልንም፤ ከእሳቸው ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊታቸው ታምሞ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ደሊናን ጠርተው ውሉን ሰጧትና «ጠብቂው» አሏት። «እስከ መቼ ነው የምጠብቀው፣ አባዬ?» ብትላቸው ዐሥራ ሰባተኛውን ገጽ ገልጠው አሳዩዋት። መብቱ በድርጅቱ እጅ የሚቆየው በደራሲው ዕድሜና ደራሲው ካረፉ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ነው ይላል። አቶ ሃይላይ ፈገግ ብለው «እኔ እስካለሁ እኮ ሃምሳው አልተጀመረም፤ መንገዱን ዘግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ደሊና ከክፍሉ ወጥታ አለቀሰች።

አቶ ሃይላይ አብርሃ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ኅዳር 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሃምሳው ዓመትም ትናንት በስምንት ሰዓት ተጀመረ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እጸገነት ገብረመስቀልን፣ ልጆቻቸውን አሉላ ሃይላይንና ደሊና ሃይላይን፣ ይህን የምታነብላችሁን የባለቤታቸውን እህት አይናለምን፣ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ልዩን፣ እንዲሁም አንድ መጽሐፍ ትተው አልፈዋል። መጽሐፉ በ2059 ዓ.ም. ነጻ ሲወጣ ልዩ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ትሆናለች፤ ዛፎቹን ለልጆቿ ይሁን ለልጅ ልጆቿ የምታነበው፣ ዕድሜ ከሰጣት፣ እሷ ናት። ወይዘሮ እጸገነት ከትናንት ጀምሮ ወረቀቱን ለመቅደድ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል።

ሳያነቡ ፈርመው፣ ካነበቡት በኋላም ፊርማቸውን ያላፈረሱትን የአቶ ሃይላይ አብርሃን ነፍስ አምላክ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ወረቀቱን ሳንቀድ የምንቆይበትን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።