በእናት በኩል

ከኢምፔሪያል ወደ ጉርድ ሾላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችው ልጅ የያዘችውን የሰርጓን ካርድ አነበቡ።

«የሙሽራው አያት አስረሳኸኝ ነው? የመርሐ ቤቴው?»

«አዎ፣ እማማ። ያውቋቸዋል?»

«ጨው ነጋዴ ነበር፤ በየሄደበት ወልዶ ዘሩ ተበትኗል። እናቱ ስድስት ልጅ ቀብራ ስትወልደው፣ እሱ እንኳ እንዲተርፍላት ጆሮውን በስታ የብር ሎቲ አደረገችለት።»

«ሎቲ?»

«ምነው ደነገጥሽ?»

«ሎቲው እናቴ ጋ አለ። የወንድ አያቷ ነበር፤ እሳቸውም የመርሐ ቤቴ ጨው ነጋዴ ነበሩ።»

«በስመአብ! ሰባት ቤት አልተቆጠረም እንዴ?»

«ተቆጥሯል፤ ግን በአባቴ በኩል ብቻ። እናቴ ስሜ ላይ የለችም።»

«ሰርጉ መቼ ነው?»

«እሁድ። እባክዎ ቀስ ብለው ያውሩ፣ ሰው እንዳይሰማን።»

እኔም በልቤ በእናቴ በኩል መቁጠር ጀመርኩና ሁለተኛው ላይ ቆምኩ።