እጅ ይቀድማል፣ ብረቱ ይከተላል

ገነቴዬ! ነይ ውጪ፣ ጋሪው ገና አልሞላም። እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። እንዴት ነሽ? እማማ ደህና ናቸው? ገብሱስ እንዴት ነው? ተመስገን፣ ዘንድሮ ሌሞ ላይ ዝናቡ አልጨከነም። ወንድምሽስ? ... እሰይ፣ ጤና ይብዛለት። አይ፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ። የእሱማ ስም በክፉ አይነሳም።

እኔ የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰውዬ ነው፤ አንቺ አታውቂውም። እሱም እንደ ወንድምሽ ደቡብ አፍሪካ ኖሮ የተመለሰ ነው። ሌላው ሲመለስ ሱቅ ከፈተ፣ ባጃጅ ገዛ፤ እሱ ግን አንድ የጎልፍ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ይዞ ሆሳዕና ገባ። ታድያ ምኑ ያስቃል? ስልጣኔ እኮ ነው! አንዲት መምህርት ደግሞ አለች፣ የኔው ቢጤ ጅል። ስሟ እንኳ እንደኔ ሐዳሳ ነው፣ ግጥምጥሞሽ! እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ግጦሹ ሜዳ ላይ እየሄደች ተማሪው ሆነች። ጎልፍ ወዳ መሰለሽ?

ሰውዬው ሲያስተምር አፍ ያስከፍታል። «ኳሷን ስትመቺ እጅሽ ይቅደም፣ የዱላው ብረት ኋላ ይቅር» ይላታል። ባለጋሪው አለንጋውን ሲያጮኸው አላየሽም? እጁ ካለፈ በኋላ አይደል ጫፉ የሚደርሰው? እንደዚያ ነው። እሷ ግን የገበሬ ልጅ! በዶማ ያደገ ክንድ የሚያውቀው ብረቱን አስቀድሞ መሬት ውስጥ መስደድ ነው። ኳሷ እዚያው ቁጭ፣ ሳሩ ከነአፈሩ ሽቅብ። አላፊ አግዳሚው «መምህርት፣ ድንች ልትተክዪ ነው?» ይላታል። የቀናት ዕለት ደግሞ ኳሷ ሰው እንሰት ውስጥ ትገባለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ፍለጋ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ... ያልቸኮለችውም ይኸው ኳስ ስትለቅም ኖረች።

አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ እጇን ያዘና ዱላው ላይ አስተካከለላት። ለአያያዙ ነው እኮ! እሷ ሆዬ፣ ቤቷ ገብታ ለእናቷ «እጄን ያዘ» አለቻት። እናትየዋም ለሠርጉ ቅቤ ማጠራቀም ጀመረች። አይ ሞኝነት! እኔ እሷን ብሆን በሳቅ እሞት ነበር... በሳቅ ነው ያልኩሽ።

መስቀል መጣ። የሰው ሽማግሌ በየሰው ደጅ ቆመ፤ የእሷ አባት ደጅ ግን ጭር። አፍራ አፍራ ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቁም ነገሩ መዘግየቱ ላይ ነው፤ ብረቱ ጉልበት የሚኖረው ዘግይቶ ሲመጣ ነው።» አቤት እውቀት! እሷም እንደ ተማሪ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው መስቀልም አለፈ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል ተረቱ? ይሄዳል... ካልገማ።

አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጨዋታውን ሊያዩ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡለት። እሱም አሳያቸው። እጁ ሲያልፍ እንዴት እንደሚያምር ብታዪ! ብረቱም ደንቡን ጠብቆ ኋላ ቀረ፣ ቀረ፣ ቀረ... ከዚያ አየሩን ገመሰው። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ልጆቹ ጨዋታው ይኸው መስሏቸው አጨበጨቡ። መምህርቷ ግን ዓይኗን ከኳሷ መንቀል አቃታት። «እኔም እንዲህ ተቀምጬ ላረጅ ነው» አለች በሆዷ። ያን ቀን አንጀቷ አረረ፣ ገነቴ። በእሱ እንዳይመስልሽ፣ እሱ ምን አደረገ? በራሷ ነው።

ኋላማ ከዳምቦያ አንድ የስንዴ ነጋዴ ተነሳ። ጎልፍ ቢሉት የመድኃኒት ስም የሚመስለው ሰው። እጇን ከሰላምታ በቀር ይዞ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ግን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷ ደጅ ደረሱ። ምን ያድርግ፣ መዘግየት የሚያስተምረው አላገኘ! አባትየውም ጠርተው «ምን ትያለሽ ልጄ?» አሏት። እሺ አለች። እኔም ገርሞኛል፤ ያቺ ሁሉን ነገር አርፍዳ የምትረዳ ሴት፣ ለዚህ አንድ ደቂቃም አልፈጀባት። ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ነው። ምነው ወዲያ ዞርሽ? ፊትሽም ልውጥ አለብኝ... ጋሪው ነው የሚያንገጫግጭሽ?

በይ ደረስሽ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ለሰውዬው አንድ ነገር አድርሽልኝ ልልሽ ነበር፤ ለካ አታውቂውም! እንግዲያው እኔው ከዚሁ ልመርቀው። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት። ትዕግስቱን አይንሳው። ዕድሜና ጤና ሰጥቶት፣ የሐዳሳ ልጆች «ጋሼ» እያሉ ጉንጩን ሲስሙት ለማየት ያብቃው። አሜን በይ እንጂ፣ ገነቴ!